ፕሮቪደንት ፈንድ ሲዘጋ፦ መጀመሪያ ደንቡ፣ ከዚያ ገንዘቡ

በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ወሬው አዲስ አበባ እስኪደርስ ብዙ አልቆየም። ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ አደረገ። በእርዳታው ይተዳደሩ የነበሩ ድርጅቶች ፕሮጀክት ዘጉ፣ ቢሮ አስረከቡ፣ መኪና አቆሙ። እርዳታውን ያከፋፍል የነበረው ዩኤስኤይድ ራሱም ሰኔ 24 ቀን 2017 እንደ መሥሪያ ቤት አከተመ። በዚያ ሰሞን ስለ መድኃኒት፣ ስለ ስንዴና ስለ ሥራ አጥነት ብዙ ተባለ። ሠራተኛው ለዓመታት ከደመወዙ እያስቆረጠ፣ አሠሪውም እየጨመረለት ያጠራቀመው ፕሮቪደንት ፈንድ በምን ሥርዓት እንደሚዘጋ ግን እምብዛም አልተወራም።

የጉዳዩ ክብደት የሚታወቀው ሠራተኛው በሚኖርበት ሰፈር ነው። ከአየር ጤና አለፍ ብሎ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዓለም ባንክ እንዲህ ያለ ሰፈር ነው፤ የግል ትምህርት ቤት መምህሩ፣ የድርጅት ሾፌሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የክሊኒክ ነርሷ ማለዳ በታክሲ ወጥተው ማታ የሚመለሱበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ፕሮቪደንት ማለት የተጀመረው ቤት ቆርቆሮ፣ የልጅ የኮሌጅ ክፍያ፣ ወይም የሱቅ መክፈቻ ነው። ጡረታ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይመጣል፤ ፕሮቪደንት በአንድ ቀን እጅ የሚገባ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የጡረታ አዋጅ ለማንበብ የማይቸኩለው ሠራተኛ ፕሮቪደንት ሊነካ ነው የተባለ ዕለት እንቅልፍ ያጣል።

ክርክሩ አጭር ነው። ፈንዱን የሚዘጋ ድርጅት ገንዘቡን ከማከፋፈሉ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን በመዝጊያው ቀን በሥራ ላይ ካለው ሕግ ጋር ማስተካከል አለበት። በኢትዮጵያ ፕሮቪደንት ፈንድን ብቻ የሚገዛ ራሱን የቻለ አዋጅ ስለሌለ ይህን በግልጽ የሚያዝ ድንጋጌ የለም። አለመኖሩ ግን ችግሩን አያስቀረውም፤ እስከ ሥራ ክርክር ችሎት ያዘገየዋል እንጂ።

ነገሩ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ጡረታ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ወግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 የመንግሥት ሠራተኛውን ጡረታ በሕግ አቆመ፤ ከዚያም ለአሥርት ዓመታት የሲቪል ሠራተኛው 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ እያዋጡ ቀጠሉ። የግል ተቀጣሪው ግን ከዚህ ውጭ ነበር። በ1986 የፋይናንስ ዘርፉ ለግል ባለሀብት ሲከፈት የተወለዱት ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ እንደዚሁም የውጭና የአገር ውስጥ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች (መያዶች)፣ ይህን ክፍተት በፕሮቪደንት ፈንድ ሞሉት። አንዱ 5 በመቶ ቆርጦ 10 በመቶ ጨመረ፣ ሌላው እኩል በእኩል አደረገ። ሕጉ ዝም ስላለ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ደንብ ጻፈ። የአንዳንዱ ደንብ ሁለት ገጽ ነው፤ የአንዳንዱ ደግሞ የኅብረት ስምምነት ውስጥ የገባች አንዲት አንቀጽ ናት።

ከዚያ ሐምሌ 2003 መጣ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ለመጀመሪያ ጊዜ የግል ተቀጣሪውን በአገር አቀፍ ጡረታ ውስጥ አስገባው። መዋጮው ደረጃ በደረጃ እያደገ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ሆነ። አዋጁ ሲወጣ ፕሮቪደንት ለነበራቸው ነባር ሠራተኞች በያዙት የመቀጠል ወይም ወደ ጡረታው የመግባት ምርጫ ተሰጣቸው። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ፕሮቪደንት ብቻ ያለው ነባር፣ ጡረታ ብቻ ያለው አዲስ ቅጥር እና ሁለቱም የሚቆረጥለት ሦስተኛ ወገን ጎን ለጎን መሥራት ጀመሩ።

ሕጉ በዚያ አላበቃም። በ2007 በአዋጅ ቁጥር 908 ተሻሻለ፤ በ2014 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1268 አዲስ ሕግ ሆኖ ተካው። በጎን የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከ42/1985 ወደ 377/1996፣ ከዚያም ወደ 1156/2011 ተሸጋገረ። የገቢ ግብር አዋጁ በ979/2008 ተለወጠ። መያዶችን የሚገዛው ሕግ በ1113/2011 እንደ አዲስ ተጻፈ፤ የንግድ ሕጉም በ1243/2013 ከስልሳ ዓመት በኋላ ተቀየረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ የፈንድ ደንብ ከእነዚህ አዳዲስ ሕጎች አንዱንም አያውቅም። ፈንዱ እየሠራ ሳለ ይህ ብዙም አይታይም፤ ደመወዝ ይቆረጣል፣ ባንክ ይገባል፣ ዓመቱ ሲዞር የሒሳብ መግለጫ ይሰጣል። ክፍተቱ አፉን የሚከፍተው በመዝጊያው ቀን ነው።

የመጀመሪያው ክፍተት የአሠሪው ድርሻ የማን ነው የሚለው ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል እንበል፦ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ በፈቃዱ ወይም በሌላ ምክንያት ሲለቅ የራሱን መዋጮ ብቻ ያገኛል፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለገለ የአሠሪውን ድርሻ ግማሽ፤ ከዚያ በላይ ያገለገለ ሙሉውን። አንቀጹ የተጻፈው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቶሎ ቶሎ የሚለቀውን ሠራተኛ ለማቆየት ነው፤ ለዚያ ዓላማ ደግሞ ምንም አይወጣለትም። አሁን ግን ሁለት ዓመት ከአሥር ወር የሠራች አካውንታንት ለጋሹ ገንዘብ ስላቆመ ተሰናበተች። እሷ አልለቀቀችም፤ የተዘጋው ድርጅቱ ነው። «በሌላ ምክንያት» የምትለዋ ሐረግ ግን እሷንም ትይዛለች። የተነጠቀችው ድርሻስ ወዴት ይሄዳል? ደንቡ «ለፈንዱ ገቢ ይሆናል» የሚል ከሆነ ፈንዱ ነገ የለም። ለቀሩት ይከፋፈላል ቢባል ከእሷ ተወስዶ ለሥራ አስኪያጁ ሊደርስ ነው። ወደ ድርጅቱ ይመለሳል ቢባል ደግሞ ድርጅቱም እየፈረሰ ነው። አንዲት የማሻሻያ አንቀጽ፣ ፈንዱ ወይም ድርጅቱ በሚዘጋበት ጊዜ የአገልግሎት ዘመን ሳይታይ የአሠሪው ድርሻ ሙሉ በሙሉ ለሠራተኛው ይሆናል የምትል፣ ይህን ሁሉ ታስቀራለች። የምትጸድቀው ግን ከመዝጊያው በፊት ነው፤ በኋላ ከሆነ አንዱ ተጠቃሚ ሌላውን ይከሳል።

ሁለተኛው ክፍተት የባንክ ደብተሩ ላይ ነው። የፈንዱ ሒሳብ በማን ስም ተከፈተ? በድርጅቱ ስም ከሆነና ድርጅቱ ከፈረሰ ሒሳብ አጣሪው ፊት የሚቀርበው የድርጅቱ ገንዘብ መስሎ ነው። በአዋጅ 1113/2011 የሚፈርስ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ዕዳው ተከፍሎ የተረፈው ንብረቱ ለሠራተኛ አይከፋፈልም፤ ለተመሳሳይ ዓላማ ይተላለፋል። የፕሮቪደንቱ ገንዘብ ከዚያ ንብረት ጋር ተቀላቅሎ ከተገኘ ሠራተኛው የራሱን ገንዘብ ለማስለየት ማስረጃ ማቅረብ ሊኖርበት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ የክፍያ ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች ይቀድማል ይላል፤ ይህ ትልቅ ጋሻ ነው። ሆኖም ቅድሚያ ማግኘትና ገንዘቡ ከመጀመሪያውም የራስ መሆኑ ይለያያሉ። ቅድሚያ ያለው ሰው ተራ ይዞ ይጠብቃል፤ ባለገንዘብ ግን ተራ አያስፈልገውም። የሰፈር እድር እንኳ፣ የዓለም ባንኩም ቢሆን፣ ደንቡ ላይ እድሩ ቢፈርስ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ምን እንደሚሆን ይጽፋል። የሚሊዮን ብር ፈንድ ይህን አለመጻፉ ያስገርማል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚያጨቃጭቀው፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። በቆዩ ደንቦችና የኅብረት ስምምነቶች ውስጥ «አሠሪው ለፕሮቪደንት ፈንድ ያዋጣው የስንብት ክፍያን ይተካል» የሚል ዓይነት አንቀጽ ማየት እንግዳ አይደለም። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 39 ላይ የስንብት ክፍያ የሚገባበትን ምክንያት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከነዚህ አንዱ የፕሮቪደንት ፈንድ ወይም የጡረታ መብት የሌለው ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜው ደርሶ ሲሰናበት ነው። እዚህ ላይ ፕሮቪደንት መኖሩ ክፍያውን ያስቀራል። ድርጅቱ በኪሳራ ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀነስ ግን አንቀጹ ስለ ፕሮቪደንት አያነሳም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ማለትም የ10 ቀን አማካይ ደመወዝ ይታሰባል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። አሥር ዓመት የሠራ ሰው የ120 ቀን ያገኛል ማለት ነው። ድርጅት ሲዘጋና ሠራተኛ ሲቀነስ ደግሞ የ60 ቀን ጭማሪ አለው። በአሮጌው ደንብ ተማምኖ «ፕሮቪደንት ስላለህ ስንብት የለህም» ብሎ የሚያሰናብት አሠሪ ይህን ሁሉ በክስ ሊከፍል ይችላል፤ ክፍያ በማዘግየት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣትም አለ።

ግብሩ ሌላ ነው። የገቢ ግብር አዋጁ አሠሪው ለጡረታ፣ ለፕሮቪደንት ወይም ለሌላ የጡረታ ፈንድ የሚያዋጣው የወሩ ድምር ከሠራተኛው ወርሃዊ ገቢ 15 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ ከግብር ነጻ ያደርገዋል። በዚህ ላይ አንድ የደመወዝ ወረቀት እንመልከት። ዓለም ባንክ የሚኖር የድርጅት ሾፌር፣ ደመወዙ 20 ሺህ ብር ነው እንበል። ለጡረታ ከእሱ 1,400 ብር ይቆረጣል፤ አሠሪው 2,200 ይጨምራል። ከዚህ ሌላ ድርጅቱ የቆየውን ፕሮቪደንት ስላላቋረጠ ከእሱ 1,000፣ ከአሠሪው 2,000 ብር ይገባል። የአሠሪው መዋጮ 4,200 ብር ሆነ። ነጻው ጣሪያ 3,000 ነው። በቀረው 1,200 ብር ላይ በየወሩ ግብር መከፈል ነበረበት። የአሠሪው መዋጮ ደረጃ በደረጃ ወደ 11 በመቶ ሲያድግ ፔሮሉን ያላስተካከለ ድርጅት ይህን ሳያውቅ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። ፈንዱ በሚዘጋበት ሳምንት ኦዲተር መጥቶ ሒሳቡን ሲከፍት ግን ይወጣል፤ ያኔ ውዝፉን ማን ይከፍላል የሚለው የሠራተኛውን ክፍያ ያስቆመዋል። የታክስ አስተዳደር አዋጁ 983/2008 ታክስ ከፋይ ስለ ራሱ ጉዳይ የጽሑፍ ማብራሪያ እንዲጠይቅ በር ከፍቷል። በዚህ በር ከመዝጊያው በፊት መግባት ይሻላል።

ፈንዱን ዘግቶ ሠራተኛውን ወደ ጡረታ ማዛወርም የራሱ ወጥመድ አለው። የጡረታው ቀመር ግልጽ ነው፦ መውጫ ዕድሜ 60፣ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ጭማሪ፣ ጣሪያው 70 በመቶ። አማካይ ደመወዙ 20 ሺህ የሆነና 25 ዓመት የተቆጠረለት ሰው 48.75 በመቶ፣ ማለትም በወር 9,750 ብር ያገኛል። አሥር ዓመት ላይ የቆመው 6,000። አሥር ያልሞላው ደግሞ አበል የለውም፤ አንዴ የሚሰጥ ዳረጎት ነው የሚደርሰው።

እዚህ ላይ የ52 ዓመቱን ነባር ሠራተኛ ማሰብ ያስፈልጋል። በ2003 ፕሮቪደንትን መረጠ፤ ያኔ ምርጫው ትክክል መስሎታል፣ ምናልባትም ነበር። ዛሬ ፈንዱ ተዘግቶ ወደ ጡረታ ግባ ተባለ። አገልግሎቱ የሚቆጠርለት ከዝውውሩ ቀን ወዲህ ብቻ ከሆነ እስከ 60 ዓመቱ ስምንት ዓመት ነው የሚያገኘው። ለስምንት ዓመት ከደመወዙ 7 በመቶ ተቆርጦበት፣ ወርሃዊ አበል ሳያገኝ ዳረጎት ይዞ ይወጣል። ቀድሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ከሆነ ያ ዘመን ስለሚደመርለት ይድናል፤ ያላገለገለ ግን አይድንም። ለ30 ዓመቷ የሥራ ባልደረባው ዝውውሩ በረከት ነው፤ ለእሱ ኪሳራ ነው። ለሁለቱም አንድ ውሳኔ የሚያስተላልፍ ቦርድ የአንዱን መብት ሳያውቅ ይቆርጣል። የመዝጊያው ማሻሻያ እንዲህ ላሉት ሠራተኞች የሚካስ ነገር፣ ለምሳሌ ከፈንዱ ትርፍ ወይም ከአሠሪው ተጨማሪ ክፍያ፣ ሊያስቀምጥ ይችላል። ይህን ለማድረግ ግን መጀመሪያ የሠራተኛውን ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ይጠይቃል፤ ሥራው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 ስቱድቤከር የተባለው የመኪና ኩባንያ በኢንዲያና ግዛት ሳውዝ ቤንድ ከተማ ያለውን ፋብሪካውን ዘጋ። የጡረታ ዕቅዱም አብሮ ተዘጋ። ጡረታ የወጡትና 60 ዓመት የሞላቸው ሙሉ ጥቅማቸውን አገኙ። ከ4 ሺህ በላይ የሆኑት ጎልማሶች፣ ብዙዎቹ አሥርት ዓመታት የሠሩ፣ ከሚገባቸው 15 በመቶ ያህል ብቻ ተሰጣቸው። ከ40 ዓመት በታች የነበሩት ባዶ እጃቸውን ወጡ። ሕገወጥ ነገር አልተሠራም ነበር፤ ደንቡ እንዲያ ነበር የሚለው። የሳውዝ ቤንድ ሠራተኞች ታሪክ ከአሥር ዓመት በላይ ፖለቲካ ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ኤሪሳ የሚባለውን የሠራተኞች የጡረታ ጥበቃ ሕግ ካስወጡት ምክንያቶች ዋነኛው ሆነ።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አሠሪ የጡረታ ዕቅዱን ሲዘጋ ሦስት ነገር ያደርጋል። በመዝጊያው የተነካ ሠራተኛ ሁሉ የአገልግሎት ዘመኑ ሳይታይ የአሠሪው ድርሻ ሙሉ በሙሉ ይሆንለታል። ገንዘቡ በተቻለ ፍጥነት፣ በአብዛኛው በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ፣ ይከፈላል። የዕቅዱ ሰነድም በመዝጊያው ቀን በሥራ ላይ ያለውን ሕግ ሁሉ እንዲያካትት ተደርጎ ይሻሻላል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የወጣው ሴኪዩር የተባለው ሕግና በታኅሣሥ 2022 የተከተለው ሁለተኛው ሴኪዩር ለአብዛኞቹ የግል ዕቅዶች የማሻሻያ ጊዜ እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2026 ሰጥተዋል። ጊዜ ያለ ይመስላል። ዕቅዱን ከዚያ በፊት የሚዘጋ አሠሪ ግን ይህ ዕፎይታ አይሠራለትም፤ ሲዘጋ አሻሽሎ ይዘጋል። በዋሽንግተን ዲሲና በሲልቨር ስፕሪንግ ሬስቶራንት፣ የጽዳት ድርጅት ወይም የቤት ለቤት እንክብካቤ አገልግሎት ያላቸው፣ ለሠራተኞቻቸውም ፎር ኦ ዋን ኬይ የሚባለውን የጡረታ ቁጠባ ዕቅድ የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ይህን ከሒሳብ ባለሙያቸው ጋር ሊነጋገሩበት ይገባል።

ሕጉ ለምን እንዲህ ጠበቀ? አንድ ምሳሌ ይበቃል። ባለዕቅዱ ገንዘብ ማውጣት ግድ የሚሆንበት ዕድሜ ከ70 ዓመት ተኩል ወደ 72፣ ከዚያ ወደ 73 ከፍ ብሏል። አሮጌው ሰነድ ላይ ያለው ግን 70 ተኩል ነው። ዕቅዱ ሲዘጋ ለ71 ዓመቱ አዛውንት የሚከፈለው ገንዘብ የትኛው ክፍል ወደ ሌላ የጡረታ ሒሳብ መዛወር እንደሚችል፣ የትኛው ወዲያው ግብር እንደሚከፈልበት የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። ሰነዱና ሕጉ ከተለያዩ ክፍያው ራሱ ስህተት ይሆናል፤ ከተከፋፈለ በኋላ ደግሞ ገንዘብ ሰብስቦ ማረም ከባድ ነው። አንድ ሰነድ አለመታደሱ ለዕቅዱ የተሰጠውን የግብር ጥቅም ሁሉ አደጋ ላይ ሊጥለው ይችላል።

ከአፍሪካም መማር ይቻላል። ጋና እ.ኤ.አ. በ1991 አገር አቀፉን ፕሮቪደንት ፈንድ ወደ ጡረታ ስትለውጥ ሽግግሩን በሕግ ጻፈች። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ የአሠሪ ጡረታ ዕቅዶችን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቋመች፤ ዕቅድ መዝጋት ከዚህ መሥሪያ ቤት ዕይታ ውጭ አይደለም። እዚያም ውዝግብ አልጠፋም። የኬንያ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድን የቀየረው የእ.ኤ.አ. 2013 ሕግ በፍርድ ቤት ተይዞ እስከ የካቲት 2023 ድረስ ቆይቷል። ልዩነቱ ጥያቄ ሲነሳ የሚኬድበት በር መታወቁ ነው።

የዚህ ሐሳብ ተቃዋሚ የሚለው ይታወቃል። ትንሽ ድርጅት ነው፤ ጠበቃ ለመቅጠር ገንዘብ የለም፤ ሠራተኛውም ገንዘቡን ዛሬ ነው የሚፈልገው። የመጨረሻው ክርክር ከባድ ነው፤ በቀላሉ አይታለፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ደግሞ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባንክ ውስጥ የቆመ ፕሮቪደንት በየወሩ ይቀልጣል። ቆርቆሮ ሊገዛ ያሰበ ሰው ስድስት ወር ቢጠብቅ የጎጆውን ግማሽ ብቻ ያለብስ ይሆናል። አዋጅ 1156ም የሥራ ውል ሲቋረጥ ደመወዝና ተያያዥ ክፍያዎች በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲከፈሉ ያዛል። ማሻሻያው ክፍያ ማዘግያ ሰበብ ከሆነ ከበሽታው መድኃኒቱ ይብሳል።

መልሱ ታዲያ ሥራው ቀድሞ መጀመሩ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። ፕሮጀክት የሚዘጋበት ቀን ብዙ ጊዜ ከወራት በፊት ይታወቃል። ለጋሽ በድንገት ካላቋረጠ በቀር የመዝጊያ በጀትና የመዝጊያ ዕቅድ ይዘጋጃል፤ በዚያ ዕቅድ ውስጥ መኪናው፣ ላፕቶፑና የቢሮው ወንበር በዝርዝር ይገባሉ። የፈንዱን ደንብ በዚያ ዝርዝር ላይ ማስገባት ምንም አይፈጅም። ፈንዱ በኅብረት ስምምነት የቆመ ከሆነ የሠራተኛ ማኅበሩ ሳይፈርም ደንቡን መቀየር አይቻልም፤ ማኅበር ከሌለም የፈንዱ ቦርድና የሠራተኛው ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ይዘው ይወስናሉ። ማሻሻያው ሠራተኛው እስከዚያ ቀን ያፈራውን መብት መቀነስ አይችልም፤ መጨመርና ማብራራት ግን ይችላል። ፈንዱ ያበደረው ገንዘብ ካለ እንዴት እንደሚቀናነስ፣ የዓመቱ ወለድ እስከ የትኛው ቀን እንደሚታሰብ፣ ክሊራንስ ያላመጣ ሠራተኛ ክፍያ በምን እንደሚያዝ በዚያው ይጻፋል።

በዝምታ የሚታለፍ ሌላ ወገንም አለ። ሥራ ለቀው ገንዘባቸውን ያልወሰዱ፣ አገር ጥለው የሄዱ፣ የሞቱና ወራሾቻቸው ያልመጡ። ፈንዱ እየሠራ ሳለ ስማቸው በሒሳብ መዝገቡ ላይ ይቆያል። ሲዘጋ የእነሱ ድርሻ የማንም ያልሆነ መስሎ ይታያል፤ ለቀሩት ቢከፋፈል ተቃዋሚ አይነሳም፣ ቢያንስ ያን ሰሞን። አንዳንዱ ደንብ ወራሽ ማስመዝገቢያ ቅጽ አለው፤ ቅጹ ግን ሠራተኛው በተቀጠረበት ዓመት፣ ሳያገባና ሳይወልድ ተሞልቶ በዚያው ቀርቷል። የመዝጊያው ማሻሻያ እነዚህን ሰዎች በጋዜጣ ጥሪ እንዲፈለጉ፣ ካልተገኙም ድርሻቸው በስማቸው በተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ ካላዘዘ የእነሱ ገንዘብ ሕጋዊ መልክ ይዞ ይጠፋል።

ሁሉንም በየድርጅቱ ቅን ልቦና ላይ መጣል ግን ትክክል አይደለም። የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የጡረታውን ወገን ይዟል። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን ያስፈጽማል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የመያዶችን መፍረስ ይከታተላል። ፕሮቪደንት ፈንድ በሦስቱ መካከል ባለ ባዶ ቦታ ላይ ቆሟል። አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የመያዶቹ ባለሥልጣን የመፍረስ ጥያቄ ሲቀበል የተሻሻለውን የፈንድ ደንብና እያንዳንዱ ሠራተኛ የፈረመበትን የክፍያ ዝርዝር አብሮ ቢጠይቅ ትልቁ ክፍል ይሞላል። ሚኒስቴሩ የኅብረት ስምምነት ሲመዘግብ ፈንዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የሚል አንቀጽ አለው ወይ ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ የፋብሪካውም የባንኩም ሠራተኛ ይካተታል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) ለአባል ማኅበራቱ የሚሆን የአንድ ገጽ የመዝጊያ ማሻሻያ ናሙና ቢያዘጋጅ ጠበቃ መቅጠር ያቃተው ትንሽ ድርጅት ሰበብ ያጣል።

እስከዚያው የዓለም ባንኩ ሾፌርም ሆነ የሒሳብ ሠራተኛዋ ክሊራንስ ላይ ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ወረቀት ይጠይቁ፦ በሥራ ላይ ያለውን የፈንዱን ደንብ ከነማሻሻያው፣ ፈንዱ እንዲዘጋ የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ፣ የራሳቸውንና የአሠሪውን መዋጮ ከነወለዱ ለይቶ የሚያሳይ የሒሳብ መግለጫ። የስንብት ክፍያው በተለየ መስመር መጻፉንም ይዩ። የማሻሻያው ቀን ከክፍያው ቀን የሚዘገይ ከሆነ ሳይፈርሙ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ።